ከጣሪያ በፊት መርፌ? ስለ ተርኪና ስለ ወፍ ጉንፋን ክትባት

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ 60 ያህል ተርኪዎች አረባለሁ። ሃያ የሐበሻ ዶሮዎችና ስድስት ዳክዬዎችም አሉኝ። ቀን ሁሉም አንድ ሜዳ ላይ ይውላሉ፤ ዳክዬዎቹ ሐይቁ ድረስ ወርደው ማታ ይመለሳሉ። ለመኖ መደጎሚያ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ የዓሣ ጥራጊ አመጣለሁ። ባለፈው ጥር ተርኪዎቹ ከዓይናቸው ሥር አበጡ፣ አስነጠሳቸው፣ አንዳንዶቹም ቢጫ ኩስ ጣሉ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ 11 ሞቱብኝ። ዶሮዎቹ ምንም አልሆኑም። የፈንግል ክትባት ሰጥቼ ስለነበር ጎረቤቶቼ የወፍ ጉንፋን ነው አሉኝ። አሁን አንድ ነጋዴ ከውጭ የገባ የወፍ ጉንፋን ክትባት እንዳለው ነግሮኛል፤ አንዴ ከተወጉ ለዕድሜያቸው ይበቃቸዋል ይላል። ክትባቱ ለተርኪ ይሠራል? ልግዛ?»

ምላሽ፦ አይግዙ። ክትባቱ ለተርኪ ይሠራል ወይ ለሚለው መልሱ «አዎ፣ ግን ነጋዴው እንደሚለው አይደለም» ነው። ከዚያ በፊት ግን ባለፈው ጥር ምን እንደደረሰብዎ እንይ፤ ስሙ ላልታወቀ በሽታ መርፌ መግዛት ገንዘብን ሜዳ ላይ መበተን ነውና።

የገለጹት አሟሟት የኃይለኛውን የወፍ ጉንፋን ጠባይ አይመስልም። ኃይለኛው ዓይነት ተርኪ መንጋ ውስጥ ሲገባ ሦስት ሳምንት አይቆይም። ወፎቹ መኖና ውኃ ይተዋሉ፤ ቤቱ ዝም ይላል፤ አንዳንዶቹ አንገታቸው ይጠመዘዛል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ሚዛናቸውን ይስታሉ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም መንጋው ከሞላ ጎደል ያልቃል። ዶሮዎቹም አይተርፉም። የእርስዎ ዶሮዎች ጤነኛ ሆነው፣ ተርኪዎቹ አንድ ሁለት እያሉ ሲሞቱ መቆየታቸው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጠቁማል።

ከዓይን ሥር ማበጥ በተርኪ ላይ የተለመደ ምልክት ነው። ቀዳሚው ተጠርጣሪ ማይኮፕላዝማ የሚባለው ተህዋስ ነው። ከእናት ወደ ጫጩት በእንቁላል ይተላለፋል፤ ዶሮዎች ብዙ ሳይታመሙ ይሸከሙታል፤ ተርኪዎች ግን በአፍንጫቸው ዙሪያ ያለው ክፍተት በፈሳሽ ተሞልቶ ፊታቸው ይነፋል። ፀረ ተህዋስ መድኃኒት ሲሰጣቸው እብጠቱ ይቀንሳል፤ ተህዋሱ ግን ከመንጋው አይጠፋም። ቢጫው ኩስ ደግሞ የተለየ ታሪክ አለው። ሂስቶሞናስ የተባለ ጥገኛ ነፍስ በዶሮ አንጀት ውስጥ በሚኖር ትንሽ ትል እንቁላል ተሸሽጎ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ዶሮዋ በደህና እየጫረች ትበትነዋለች፤ ተርኪው ይለቅመዋል፤ ጉበቱ ክብ ክብ ቁስል ያወጣል፤ ኩሱም እንደ ድኝ ቢጫ ይሆናል። ይህን በሽታ የሚያድኑ የነበሩ መድኃኒቶች ለሰው ምግብ በሚውሉ እንስሳት ላይ እንዳይሰጡ በብዙ አገሮች ታግደዋል፤ ገበያ ላይ የሚሸጥ ክትባትም የለውም። መፍትሔው ተርኪንና ዶሮን አንድ መሬት ላይ አለማዋል ነው። ዶሮና ተርኪ አብሮ ማርባት እንደማይሆን የሚናገረው የቆየ ምክር መነሻው ይኸው ነው፤ እኛ አገር ግን ተርኪው ራሱ አዲስ ስለሆነ ምክሩ አብሮት አልገባም።

እነዚህ ሁለት በሽታዎች አንድ ግቢ ውስጥ በአንድ ጊዜ ቢገኙ አይገርመኝም። ሆኖም የወፍ ጉንፋንን ሙሉ በሙሉ አልሰርዝም። ቀላሉ የቫይረሱ ዓይነት በተርኪ ላይ የሚያሳየው ምልክት የፊት እብጠት፣ ማስነጠስና የእንቁላል መቀነስ ነው፤ ባክቴሪያ ሲደረብበትም ይገድላል። ወሩ ጥር መሆኑ፣ ማለትም ከአውሮፓና ከእስያ የመጡ የውኃ ወፎች በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ የሚከርሙበት ወቅት መሆኑ፣ ጥርጣሬውን ሕያው ያደርገዋል። በዓይን ብቻ አይቶ የሚለየው ባለሙያ የለም፤ እኔም ብሆን ከዚህ ሆኜ አልለየውም። የሚለየው ከጉሮሮና ከፊንጢጣ የሚወሰድ ናሙና ነው።

የፈንግል ክትባት ስለሰጡ ሌላ የቫይረስ በሽታ መሆኑ ተረጋግጧል ማለትም ስሕተት ነው። ፈንግል፣ በሌላ ስሙ ኒውካስል፣ ከወፍ ጉንፋን ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ቫይረስ ነው፤ የአንዱ ክትባት ለሌላው ቅንጣት ጥበቃ አይሰጥም። ከዚህም ሌላ፣ በውኃ የሚሰጠውን የፈንግል ክትባት ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውኃ በጥብጠው ከሆነ ክሎሪኑ ሕያው የሆነውን የክትባት ቫይረስ ስለሚገድለው ወፎቹ ያገኙት ባዶ ውኃ ነው። ይህ በብዙ ግቢዎች የማየው ነገር ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልለፍ። የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ብዙ ዓይነት ነው፤ በላዩ ባለው አንዱ ፕሮቲን ኤች 1፣ ኤች 2፣ በሌላው ደግሞ ኤን 1፣ ኤን 2 እየተባለ ይከፈላል። ኃይለኛ ገዳይ ወደ መሆን የሚለወጡት ኤች 5 እና ኤች 7 ብቻ ናቸው። ልዩነቱ ያለው እዚሁ የኤች ፕሮቲን ላይ ነው፦ ፕሮቲኑ ካልተቆረጠ ቫይረሱ ወደ ሕዋስ ሊገባ አይችልም። ቀላሉን ዓይነት የሚቆርጠው መቀስ፣ ማለትም የወፉ አካል ኢንዛይም፣ የሚገኘው በመተንፈሻና በአንጀት ሽፋን ላይ ብቻ ስለሆነ በሽታው እዚያው ይወሰናል። ኃይለኛውን ዓይነት የሚቆርጠው መቀስ ግን በመላው አካል አለ፤ ስለዚህ አንጎልም፣ ልብም፣ ጣፊያም ይመታል። አስጊው ነገር ቀላሉ ኤች 5 ወይም ኤች 7 በዶሮና በተርኪ መንጋዎች መካከል ሲዘዋወር ቆይቶ ወደ ኃይለኛው ሊለወጥ መቻሉ ነው። በሰሜን ጣሊያን የሆነው ይህ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በ1999 የጸደይ ወራት ቀላል ኤች 7 ኤን 1 ተርኪ በብዛት በሚረባበት አካባቢ ተሠራጨ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኃይለኛ ሆነ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ከ13 ሚሊዮን በላይ ወፎች ሞቱ ወይም ተወገዱ።

ተርኪ በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዱር ዳክዬ የመጣ ቫይረስ ዶሮን ለመያዝ ከሚያስፈልገው እጅግ ባነሰ መጠን ተርኪን ይይዛል። ስለዚህ ከዱር ወፍ ወደ እርባታ የሚሻገርበት ድልድይ ብዙ ጊዜ ተርኪ ነው። በዚያ ላይ ተርኪ የአሳማ ጉንፋንም ይይዘዋል፤ በ2009 ዓለምን ያዳረሰው የሰው ኤች 1 ኤን 1 በቺሊ የተርኪ እርባታዎች ውስጥ ተገኝቶ ነበር። ጉንፋን የያዘው ሠራተኛ ወደ ተርኪ ቤት አይግባ የሚባለው ለዚህ ነው።

ክትባቱስ? ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት የተገደለ ቫይረስ በዘይት ተለውሶ በመርፌ የሚሰጥ ነው፤ የጉንፋኑን ፕሮቲን ቅርጽ ጉዳት በማያደርስ ሌላ ቫይረስ ላይ አስጭነው የሚሠሩም አሉ። በደንብ የተሠራና ከሚዘዋወረው ቫይረስ ጋር የሚመሳሰል ክትባት በተርኪ ላይ ሦስት ነገር ያደርጋል፦ ሞትንና ሕመምን ይከላከላል፤ ተርኪውን ለመያዝ የሚያስፈልገውን የቫይረስ መጠን በብዙ እጥፍ ከፍ ያደርጋል፤ ተርኪው ቢያዝ እንኳ የሚረጨውን ቫይረስ ይቀንሳል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የማያደርገው ግን ተርኪውን ፈጽሞ እንዳይያዝ ማድረግ ነው። የተከተበ ተርኪ ጤነኛ መስሎ እየበላ ቫይረስ ሊረጭ ይችላል።

«አንድ መርፌ ለዕድሜ» የሚለው የነጋዴው ቃል ደግሞ ጨርሶ ሐሰት ነው። የተርኪ አካል ለእነዚህ የተገደሉ ክትባቶች የሚሰጠው ምላሽ ከዶሮ የደከመ ነው። ቢያንስ ሁለት መርፌ፣ በሦስት ወይም በአራት ሳምንት ልዩነት ያስፈልጋል፤ ለእንቁላል ወይም ለዘር ለሚቆይ ተርኪ ከዚያም በላይ ይደገማል። እያንዳንዱ ወፍ ተይዞ መወጋት አለበት፤ በውኃ ወይም በርጭት አይሰጥም። ከተወጉም በኋላ መከላከያው እስኪገነባ ሁለት ሦስት ሳምንት ያልፋል፤ በሽታው ግቢ ከገባ በኋላ መርፌ መሮጥ ዋጋ የለውም።

የአገሮች ልምድ ይህንን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ሜክሲኮ ከ1995 ጀምሮ በኤች 5 ኤን 2 ላይ ከተበች፤ ኃይለኛው ዓይነት ጠፋ፤ ቀላሉ ግን ክትባት ውስጥ ሆኖ መዘዋወሩን ቀጠለ፣ ቀስ በቀስም ከክትባቱ እየተለየ ሄደ። ግብፅ በሽታው በ2006 ከገባባት በኋላ በሰፊው ከተበች፤ የጓሮ ዶሮዎችን መድረስ አስቸጋሪ ነበር፣ ቫይረሱም ተለወጠ፣ በሽታው አገሩን ለመደ፤ ሰዎችም ሞቱ። በአንጻሩ ቻይና በ2017 መጸው የኤች 7 ክትባት ለዶሮ በስፋት ስትሰጥ በሰው ላይ ይታይ የነበረው የኤች 7 ኤን 9 ሕመም በአስገራሚ ፍጥነት ወረደ። ፈረንሳይም ከጥቅምት 2023 ጀምሮ የእርባታ ዳክዬዎቿን መከተብ ስትጀምር፣ ቀደም ባሉት የብርድ ወራት በመቶዎችና ከሺህ በላይ ሲቆጠሩ የነበሩት የወረርሽኝ ቦታዎች በቀጣዩ ወቅት 10 ብቻ ሆኑ። ፈረንሳይ ግን መርፌውን የሰጠችው አብዛኛውን ወጪ መንግሥት ሸፍኖ፣ በመንግሥት ቁጥጥር፣ የተከተቡትን መንጋዎች ደጋግማ በላቦራቶሪ እየመረመረች ነው። ጣሊያንም በ2000 ተርኪዎችን ስትከትብ ከሚዘዋወረው ቫይረስ አንዱ ፕሮቲን የተለየ ክትባት መረጠች፤ በደም ምርመራ የተከተበውንና የታመመውን ለመለየት ነው። ከመንጋው መካከልም ያልተከተቡ ጥቂት ወፎች እንደ ጠባቂ ይተዉ ነበር። ክትባቱ የተሳካባቸው ቦታዎች ሁሉ የጋራ ጠባያቸው ይህ ነው፦ መርፌው ብቻውን አልሄደም።

ከሁሉ በላይ ለእርስዎ ሁኔታ የሚቀርበው ግን የአሜሪካዋ የሚኒሶታ ግዛት ታሪክ ነው። ሚኒሶታ የተርኪም የሐይቅም አገር ናት። አርቢዎቿ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቀላሉን የወፍ ጉንፋን በክትባት ሲዋጉ ኖረዋል፤ ሆኖም ተርኪዎቻቸውን በሙቀቱ ወራት ሜዳ ላይ ስለሚለቁ የሚፈልሱት ዳክዬዎች በመጡ ቁጥር በሽታው ይመለስ ነበር። በ1988 ከ250 በላይ፣ በ1995 ደግሞ ከ170 በላይ መንጋዎች ተያዙ። ከዚያ በ1998 ተርኪን ሜዳ ላይ ማሰማራት ቀረ፤ ወፎቹ ጣሪያ ሥር ገቡ። በሽታው ወዲያው እጅግ ቀነሰ። መርፌው ለዓመታት ያልሠራውን ጣሪያው ሠራው። ጣሪያ ሁሉን ይፈታል አልልም፤ በ2015 እዚያው ሚኒሶታ ውስጥ ኃይለኛው ኤች 5 ኤን 2 የተዘጉ ቤቶችን በጫማ፣ በመኪናና በጋራ መሣሪያ እየገባ አጥፍቷል፤ በመላ አሜሪካ በዚያ ወቅት 50 ሚሊዮን ያህል ወፎች አልቀዋል። ግን በር የሌለው ቤት ውስጥ ስለ ጫማ ማውራት አይቻልም፤ የእርስዎ ግቢ ገና በር የለውም።

እስቲ ግቢዎን ቫይረሱ በሚያይበት ዓይን እንየው። ዳክዬዎችዎ ጠዋት ሐይቅ ወርደው ከዱር ዳክዬና ከዱር ዝይ ጋር ይዋኛሉ። ዳክዬ ቀላሉን ቫይረስ አንጀቱ ውስጥ ተሸክሞ ምንም ሳይታመም በኩሱ ይጥለዋል፤ ቀዝቀዝ ባለ ውኃ ውስጥ ቫይረሱ ለሳምንታት ይቆያል። ማታ ተመልሰው ከተርኪዎቹ ጋር ከአንድ ገንዳ ይጠጣሉ። በዚያ ላይ አባ ኮዳዎችና ሌሎች ወፎች ተጋፍተው ከሚኩሱበት ከአሞራ ገደል ያልበሰለ የዓሣ ጥራጊ ያስገባሉ። ከዚህ የበለጠ አመቺ መንገድ ሆን ተብሎ ቢሠራ እንኳ አይገኝም። በ2006 ኃይለኛው ኤች 5 ኤን 1 አፍሪካ ሲገባ መጀመሪያ ናይጄሪያ፣ ከዚያ ግብፅ፣ ሱዳንና ጅቡቲ አስታወቁ፤ በ2017 ደግሞ ኡጋንዳ ሌላውን ኃይለኛ ዓይነት፣ ኤች 5 ኤን 8ን፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር አገኘች። በ2006 እኛ ዘንድ ወሬው ብቻ የዶሮ ገበያውን እንዴት እንደመታው የቆዩ አርቢዎች ያስታውሳሉ። የሐይቅ ዳር አርቢ ከማንም ቀድሞ የሚመታ መሆኑን አውቆ መሥራት አለበት።

የነጋዴው ብልቃጥ ለምን አደገኛ እንደሆነም ልናገር። የትኛው ዓይነት ቫይረስ እንዳለበት አይታወቅም፤ ኤች 9 ክትባት ለኤች 5 አይጠቅምም። የዘይት ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ ከቀዘቀዘና በረዶ ከሆነ ዘይቱና ውኃው ይለያያሉ፣ ክትባቱም ይበላሻል፤ በሻንጣ የገባ ብልቃጥ ምን እንዳለፈበት ማንም አያውቅም። በአግባቡ ያልተገደለ ከሆነ ደግሞ በሽታውን በገዛ እጅዎ መወጋት ይሆናል። እውነተኛ ቢሆን እንኳ የተከተቡት ወፎች ደማቸው ሲመረመር የታመሙ ይመስላሉ፤ የአካባቢውን ክትትል ያበላሻል፤ ነገ በሽታው ቢገባም ምልክቱን ይደብቃል። የዚህ ክትባት አጠቃቀም በአገር ደረጃ የሚወሰን እንጂ አርቢ በግሉ የሚገዛው አይደለም፤ ያልተመዘገበ የእንስሳት መድኃኒት መሸጥም ሕገ ወጥ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ የዘይት ክትባት መርፌ በስሕተት የሰው ጣት ከወጋ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጣት እስከማጣት ያደርሳል፣ ወዲያውኑ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ለፈረንጆች ገና ለሆቴል የሚያቀርቧቸው ተርኪዎች ከሆኑ ደግሞ የዘይት ክትባት ከተሰጠ በኋላ ለዕርድ ብዙውን ጊዜ ስድስት ሳምንት መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ነጋዴው ይህንን እንዳልነገረዎት እገምታለሁ።

ስለዚህ ለብልቃጥ ያሰቡትን ገንዘብ በሚከተለው ቅደም ተከተል ያውጡት። መጀመሪያ ዳክዬዎቹን ይሽጡ። ዘግቶ ማርባት ይቻላል የሚል ሰው ይኖራል፤ በእርስዎ ግቢ ስፋት ግን አይቻልም፣ ስለዚህ ይሽጧቸው። ቀጥሎ ተርኪዎቹን ከዶሮዎቹ ለዩ፤ ዶሮዎች የዋሉበት መሬት ለተርኪ አይሆንም፣ ተርኪዎቹ አዲስ ቦታ ያስፈልጋቸዋል። ዶሮዎቹ የትል መድኃኒት ይውሰዱ። ለተርኪዎቹ የቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ ጎኖቹ ድንቢጥ በማያስገባ ጠባብ ሽቦ የተሸፈኑ፣ ነፋስ የሚያገኝ ቤት ሥሩላቸው፤ የሐዋሳ አየር ለዚህ ምቹ ነው። የሐይቅ ውኃ አያጠጧቸው፤ የቧንቧ ውኃ ይስጧቸው፣ ገንዳውም ከጣሪያው ሥር ይሁን። ጥሬ የዓሣ ጥራጊ ይቅር፤ መተው ካልቻሉ ከተርኪው ቤት ርቆ በደንብ ይቀቀል። በሩ ላይ ለዚያ ቤት ብቻ የሚሆን ቦቲ ጫማ ያስቀምጡ፤ የበረኪና መንከሪያ ከቦቲው በኋላ የሚመጣ ነው፣ ኩስ የተለጠፈበትን ጫማ በረኪና አያጸዳውም፣ አስቀድሞ በሳሙና መታጠብ አለበት። ቫይረሱ ራሱ ደካማ ነው፤ ሳሙናም፣ ፀሐይም፣ ድርቀትም ይገድለዋል፤ ኃይል የሚሰጠው ቆሻሻው ነው።

የፈንግል ክትባት አይቋረጥ። ተርኪ በፈንግል ከዶሮ ባነሰ ቢጎዳም ይታመማል፣ ያስተላልፋልም። ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ተቋም የሚያመርተው ሙቀት የሚቋቋመው የፈንግል ክትባት በዓይን ጠብታ ስለሚሰጥ የቧንቧ ውኃው ችግር አይነካውም፤ በየሦስት አራት ወሩ ይደገማል። አዲስ ጫጩት ሲያስገቡ ከአንድ ምንጭ፣ በአንድ ጊዜ ያስገቡ፤ ማይኮፕላዝማ የሚገባው ከየገበያው አንድ አንድ እየተለቀመ በሚመጣ ተርኪ ነው። አሁን ያሉት ተርኪዎች እብጠት የነበረባቸው ከሆኑ ለዘር አያስቀሯቸው፤ ለሥጋ ያውጧቸውና ቤቱን አጽድተው ባዶውን ካቆዩ በኋላ አዲስ ይጀምሩ።

እንደገና ከዓይን ሥር ማበጥ ከታየ መድኃኒት ከመስጠትዎ በፊት የክፍለ ከተማዎን የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ፤ በሕይወት ካሉ ወፎች የሚወሰደው ናሙና በቅዝቃዜ ተይዞ ሰበታ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ እንዲላክ ይጠይቁ። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ብዙ ተርኪ በድንገት ከሞተ ወይም መንጋው በሙሉ መኖና ውኃ ካቆመ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ በሩን ዝጉ፣ ምንም ወፍ፣ እንቁላል ወይም ኩስ ከግቢ አይውጣ፣ በዚያው ሰዓት ለሐኪሙ ይደውሉ። ሊሞት ነው ብለው አርደው አይብሉ፣ ለጎረቤትም አይስጡ። ከ2003 ጀምሮ ኤች 5 ኤን 1 ከ900 በላይ ሰዎችን ይዞ ከተመዘገቡት ግማሽ ያህሉን ገድሏል፤ አብዛኞቹ የታመመ ወፍ የነኩ፣ ያረዱ ወይም ላባ የነጩ ናቸው። በደንብ የበሰለ ሥጋ አያስተላልፍም፤ አደጋው ያለው ከድስቱ በፊት፣ በቢላዋውና በላባው ላይ ነው። የሞቱትን በእጅ አይንኩ፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ጓንት ወይም ላስቲክ በእጅዎ አድርገው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ በኖራ ይቅበሩ፤ ሐይቁ ውስጥ መጣል ግን በምንም ምክንያት አይሆንም። ሐኪሙ ናሙና ከመውሰዱ በፊት ሁሉንም አይቅበሩ፤ ሁለት ሦስቱን በላስቲክ ድርብ አድርገው ጥላ ውስጥ ያቆዩለት።